ጥላ የተያዘለት ፒያኖ

ዋርሶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣
ገነተ ማርያም

የኔታ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እማማ ወለተ ሩፋኤል፣ የአቋቋም ተማሪዎችዎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከብርዱና ከአስተማሪዬ ምላስ በቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ስልክ ብሞክር ብሞክር አልሆነልኝም። ላሊበላ አልፎ አልፎ ይጠራል፤ የእናንተ ሰፈርና እማዬ ያለችበት ፍላቂት ግን ጭራሽ ድምፅ የለም። ኢንተርኔቱም እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ለአስጎብኚው ለየአብስራ እልክለታለሁ። እሱ አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር አሳትሞ ያመጣልዎታል፤ የእርስዎንም እንዲሁ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።

ዛሬ የጻፍኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሆቴላቸውን ሊሸጡ ነው አሉ። እንግዳ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ምግብ ቤቱ ጥግ ያለው ፒያኖ የእኔ ነው። ያስተማረችኝ ፖላንዳዊት ተመራማሪ ወደ አገሯ ስትመለስ «ለፀደይ ይሁን» ብላ ስትሰጠኝ እሳቸው ምስክር ነበሩ። አዲሱ ገዢ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል፤ ቶሎ ካልተነሣ ፈልጦ ያወጣዋል። የኔታ፣ በዚያ አገር ከእርስዎ ሌላ የምለምነው ዘመድ የለኝም። ቤትዎ ወስደው ያኑሩልኝ። ክረምት ላይ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ልጆች አስተምርበታለሁ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ሲነሣ ጥቁሩ ቀለም እንዳይጫር በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። እንዳይዘነብል ሸካሚዎቹ እርምጃቸውን እኩል አድርገው ቀስ ብለው ይሂዱ። ከሁሉ በላይ ፀሐይ አያግኘው፤ የላስታ ፀሐይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ሌላው ሁሉ ቢቀር የፀሐዩን ነገር አደራ።

ባለፈው «የምትማሪው ዝማሬ ነው ወይስ ዘፈን?» ብለው ነበር። ፖሎኔዝ ይባላል። ሾፓን የሚሉት የዚህ አገር ሰው ለፒያኖ የጻፈው ነው፤ ገና በወጣትነቱ ከአገሩ ወጥቶ ሳይመለስ በሰው አገር የሞተ። ፖሎኔዝ በድግስ መክፈቻ ላይ እንግዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ምት ቀስ ብለው የሚሄዱበት ነው። እስክስታ የለው፣ ዝላይ የለው፤ መራመድ ብቻ። በግንቦት ለዲፕሎማ የምፈተነው በነዚህ ፖሎኔዞች ነው። አስተማሪዬ ግን «ጣቶችሽ ይሮጣሉ፤ እግር የላቸውም» ከማለት ሌላ ቃል የለውም።

እማዬን ይጠይቁልኝ። የሆቴሉ ልብስ አጣቢነት ቀርቶባት ፍላቂት ወንድሟ ደባሱ ጋ ከገባች ወዲህ ድምጿን ከሰማሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በትልቁ ፖሎኔዝ መሐል ግራ እጅ ብቻውን አራት ድምፅ እየደጋገመ የሚጋልብበት ቦታ አለ። እማዬ «ፈረሱ» ትለው ነበር። ልጅ ሆኜ እዚያ ቦታ በደረስኩ ቁጥር እሳሳታለሁ፤ ተናድጄ ክዳኑን በመዳፌ ጧ ሳደርገው እሷ ከልብስ ማጠቢያው በመስኮት «ወደቀች! ተነሽ፣ እንደገና!» ትለኝ ነበር። አሁን ፈረሱን ገርቼዋለሁ ይበሉልኝ። ደስ ይላታል።

ልጅዎ ፀደይ


ገነተ ማርያም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፀደይ። የቅዱሳን አምላክ በበረዶው አገር አጥር ቅጥር ይሁንሽ። እኔም ቤተ ሰቡም ከቁርጥማት በቀር ደኅና ነን።

ፒያኖሽ ገብቷል። ይህችን ቃል ለመጻፍ ያየሁትን አበሳ አንድዬ ይቁጠረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። አይሱዙው እስከ መገንጠያው አምጥቶ «ከዚህ ወዲያ መንገዱን ጎርፍ በልቶታል» ብሎ አራግፎት ሄደ። ያን የሚያህል ነገር ማን ያነሣዋል? ቅሬያችን ለቀብር እንጂ ለዕቃ አይወጣም። ዳኛውን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። «የኔታ፣ ይኸ ነገር ምን አለበት፣ ብረት ነው?» እያሉ፣ እየተፈራረቁ፣ በቃሬዛ እንጨት አሥረው በትከሻቸው አመጡት። እንዳዘዝሽው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እንዳዘዝሽው ቀስ ብለው ሄደዋል። ፀሐዩንም እንዳዘዝሽው አድርጌአለሁ። በመንገድ ላይ ጥቂት ነገር ነበረ፤ እሱ ይቆየን።

የአጥቢያው ሰው «መሪጌታ ቤቱ የዘፈን ዕቃ አስገባ» እያለ ያማኛል። «ዘፈን አይደለም፤ መራመድ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። ሳቁብኝ። ወለተ ሩፋኤል ደግሞ የዶሮዋን መክተቻ ቦታ ወሰድክብኝ ብላ አኩርፋለች።

እናትሽ ደኅና ናት።

አሁን የማዝዝሽን ስሚ። ድምፅሽን ቀርጸሽ ለእናትሽ ላኪላት። ከነጨዋታሽ ይሁን። ለየአብስራ ስትልኪለት በሚሞሪ አድርጎ ያምጣልኝ። ፎቶም ጨምሪ። ለምን እንደሆነ አትመራመሪ፤ የትልቅ ሰው ቃል ነው፣ ፈጽሚ። ሰላም ሁኚ።

አጎትሽ ተክለ ሚካኤል


ዋርሶ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥምቀቱ በሰላም አለፈ?

ስለ ፒያኖው እግዜር ይስጥልኝ። ውለታዎን አልረሳም። ነገር ግን ደብዳቤዎን መላልሼ አነበብኩት፤ ስለ ፒያኖው ያን ሁሉ ጽፈው ስለ እማዬ «እናትሽ ደኅና ናት» ብቻ ነው ያሉኝ። ምን በላች? ብርዱን እንዴት አለፈችው? ገብሱ ያዘላት? የዓይኗስ ነገር? ከእርስዎ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ ማውጣት ነው።

ድምፁን ልኬአለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ አለ፤ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ፣ አታስቢ» ብያታለሁ። ከዚያ ትልቁን ፖሎኔዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውቼላታለሁ። ፈረሱ ሁለት ጊዜ ነው የሚጋልበው፤ ሁለቱንም ጊዜ አልወደቅሁም። ልጅ ሳለሁ ሁለተኛው ላይ ደርሼ አላውቅም። እሷ ስትሰማው ምን እንዳለች ይጻፉልኝ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም።

አስተማሪዬ ይህንኑ ቅጂ ሰምቶ «ንጹሕ ነው» አለ። ተደሰትኩ። «ንጹሕ ነው፤ ሰው ግን የለበትም» ብሎ ጨመረበት። እቃዬን ጥዬ ከክፍሉ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

እባክዎን ፒያኖው ላይ ምንም አታስቀምጡበት። ዶሮም ቢሆን።

ፀደይ


ገነተ ማርያም፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣ ሰላም ለኪ። ጾሙ ጉልበቴን ቢይዘውም ቆሜ አለሁ።

ድምፅሽ ደርሷል። የአብስራ የላሊበላን ቁልቁለት ወርዶ እዚህ ድረስ አመጣልኝ፤ እኔም ፍላቂት ድረስ ይዤ ሄድኩ። ጥሩ ነው። ግን አልበቃም፣ ሌላ ላኪ። ያኛው ሬዲዮ ይመስላል፤ «ደኅና ነኝ፣ አታስቢ» ማንም ይላል። ስትናገሪ ተቆጪ። የእናትሽን ስም ጥሪ። ስለ ልጅነትሽ አንሺ፤ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያደረግሽውን፣ ሰው የማያውቀውን። ፎቶውንም ድገሚው፤ በእጅሽ ቀኑን የጻፍሽበት ወረቀት ይዘሽ ተነሺ። የባለፈው ፎቶ ላይ ፀጉርሽን ተቆርጠሻል፤ ምን ብለሽ ነው የተቆረጥሽ? ያ ራሱ ጣጣ አመጣ።

ደግሞ ልጠይቅሽ። በግንቦት መምጣት ትችያለሽ? ለጥቂት ቀን ብቻ፤ እናትሽን አይተሽ ተመለሽ። ነገሩ የሚቻል ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ።

ፒያኖሽ ደኅና ነው። ዶሮዋ ወርዳለች። ሰላም ሁኚ።

ተክለ ሚካኤል


ዋርሶ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

ሞቻለሁ አሉ።

የአብስራን ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አናገርኩት። «እኔ ነገርኩሽ አትበይ» ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ ይቅርታ ያድርግልኝ፣ ብያለሁ። እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ከተቀመጠች ስንት ወር! ፍላቂት በሙሉ አልቅሶልኛል! እርስዎ ደግሞ «እናትሽ ደኅና ናት» ብለው ይጽፉልኛል! ሰው ዘመዱ ሲሞት መርዶው ይደበቅበታል፤ በአገራችን ያለ ነው። የራሱን ሞት የተደበቀ ሰው ግን ከእኔ በቀር ሰምቼ አላውቅም።

እኔ እዚህ በቀን በቀን ፒያኖ ላይ ተጎብጬ፣ ይህ ሰውዬ እግር የለሽም ሲለኝ እየዋልኩ፣ ማታ ስለ ጠፋው ኔትወርክ እየተራገምኩ፣ እናቴ ሙሾ ታወርድልኛለች። ፎቶ ተነሺ ሲሉኝ ተነሣሁ። ቅረጪ ሲሉኝ ቀረጽኩ። ለምን እንደሆነ ግን አይንገሩኝ! ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ «አታስቢ» ነበር የምላት? «እማዬ፣ አልሞትኩም፣ ጥቁሩን አውልቂ» ነበር የምላት።

መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ገብቷል፤ ወረቀቱ ሳይወጣ ከአገር ብወጣ ተመልሼ አልገባም። ፈተናው ይቀራል፣ ዲፕሎማው ይቀራል፣ የደከምኩበት ሁሉ ይቀራል። ካልሆነ ግን ትቼው እመጣለሁ። ይህን ለመወሰን እውነቱን ማወቅ አለብኝ። አሁን ከመጀመሪያው ጀምረው ምንም ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። እማዬ ምን እያለች ነው? ምን ልታደርግ ነው?

ፀደይ (በሕይወት ያለችው)


ገነተ ማርያም፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! ለልጄ ለፀደይ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ ሰላምታ የለበትም። ሙት እንኳ ሰላም ይባላል።

ጥፋተኛው እኔ ብቻ እንደሆንኩ አድርገሽ ጽፈሻል። ደኅና። ጨርቅ አልብሱት ያለው ማነው? እኩል እየረገጣችሁ ቀስ በሉ ያለው ማነው? «ፀሐይ አያግኘው፣ አደራ» ያለው ማነው? ጥቁር ሣጥን በነጭ ኩታ ሸፍኜ፣ ቅሬ አሸክሜ፣ ፀሐዩን ምን ላድርገው? የቤተ ክርስቲያኑን ጥላ አስፈቅጄ ሁለት ዲያቆን ግራና ቀኝ አስያዝኩበት። ጥንቃቄዬ ነው እንጂ ምኔ ነው ጥፋት?

በዚያ ላይ የገበያ ቀን ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሸክሙን እያወረደ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ተከተለን። ቀብር ያገኘ ሰው ሳይሸኝ እንደማያልፍ ታውቂያለሽ። እኔ ከፊት ነኝ፤ ኋላዬን ዞር ብዬ ሳይ አገሩ ሁሉ ተነቅሎ መጥቷል። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ ደረቷን ትመታለች። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ፒያኖ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ይስማኝ? «የማን ነው?» ሲሉ ሸካሚዎቹ «የመሪጌታ ወንድም ልጅ፣ የፀደይ፣ ያቺ ውጭ አገር ያለችው» ይላሉ። ይኸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የዚያን ሰሞን ወሬው ፍላቂት ገባ።

ደባሱ ሲሰማ ሮጦ መጣ። እኔ ቅዳሴ ላይ ነኝ፣ ወለተ ሩፋኤል ውኃ ወርዳለች። በሩን ገፋ ሲያደርግ ጥቁር ሣጥን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጥላው ተደግፎበት አየ። ሳይገልጠው ጮኾ አልቅሶ ተመለሰ። እኔ ወሬው ሲደርሰኝ ሌሊቱን ተጉዤ ፍላቂት ብደርስ እናትሽ ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ድንኳን ተጥሎ አገኘኋት።

«ገለቴ፣ ፒያኖ ነው፣ አንቺ የምታውቂው፣ የሆቴሉ» አልኳት።

ምን ብላ መለሰችልኝ መሰለሽ? «የኔታ፣ ፒያኖም ከሆነ ለምን ተነሣ? ባለቤቱ ቁሞ ሳለ ዕቃው ዘመድ ቤት ይሰበሰባል? የሟች ዕቃ ነው የሚሰበሰብ።» ደብዳቤሽን አነበብኩላት። «መርዶ ሲደበቅ ስንት ደብዳቤ ይነበባል፤ እኔ ራሴ ለጎረቤት አስነብቤአለሁ» አለች። ፎቶውን ሰጠኋት፣ ፀጉርሽ አጭር ነው፤ «ታማ ነበር ማለት ነው» ብላ አዲስ ለቅሶ ጀመረች። ላሊበላ ሄደሽ በስልክ አናግሪያት ብላት «ሐዘን የተቀመጠ ሰው ከደጅ አይወጣም» ብላ እምቢ አለች። በጎ ወሬ ባበዛሁ ቁጥር የባሰ ሞትሽን ታምናለች። ላንቺ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ድምፅሽ ሲመጣ ያልቃል፣ እሷም አንቺም ሳትሸበሩ ይዘጋል ብዬ ነበር።

ድምፅሽ መጣ፤ አሰማኋት። እስከ ፈረሱ ድረስ እንባዋ እየወረደ ሰማች። ፈረሱን ስታልፊው ግን ቀና አለች። ሁለተኛውንም አለፍሽው። ስልኩን መለሰችልኝና «ይኸ የፈረንጅ እጅ ነው። የኔዋ እዚያ ላይ ትወድቃለች» አለች። ሰላምታሽንማ «ድምፅ ሰው ከሞተም ይቀራል፤ የሞቱ ዘፋኞች በሬዲዮ ይዘፍኑ የለም ወይ» አለችው።

አሁን ያለው ነገር ይኸ ነው። የመንፈቅ ተዝካርሽን ልታወጣ ነው፤ ጾመ ሐዋርያት ሳይገባ ባለው ቅዳሜ። ያላትን አንድ በሬ፣ ከደባሱ በሬ ጋር የሚጣመደውን፣ ልታርድ ነው። ክረምቱን በምን ሊያርሱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ተዝካሩ በወጣ ማግስት ቆብ ደፍታ ገዳም ልትገባ ቃል ገብታለች። አንዴ ከመነኮሰች «አልሞትኩም» ብለሽ ብትመጪም ልጇ አትሆኚም፤ ለዓለም ሞታለችና። ለገዳሙ አባት ነገሩን አስረድቼአቸው ነበር። «እናት ልጄ ሞታለች ብላ አምና ስትመጣ ምን ልበላት?» አሉኝ።

እንግዲህ ሁሉንም ጻፍኩት። ፈተናሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፤ አትምጪም አልልሽም። ብቻ ቅዳሜው ሳይደርስ አንድ ነገር አድርጊ። እኔ ጨርሻለሁ፣ አቅቶኛል።

ተክለ ሚካኤል


ዋርሶ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ ተክለ ሚካኤል።

የኔታ፣ እንደምን አሉ? ባለፈው ሰላምታ ስለነሣሁዎት ይቅር ይበሉኝ። ስለ ጥላው ግን ገና አልበረደልኝም።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነበር። እማዬ የምትፈልገው መውደቄን ከሆነ እወድቅላታለሁ። መለማመጃ ክፍል ገባሁ፣ ስልኬን አስተካከልኩ፣ ፈረሱ ጋ ስደርስ ሆን ብዬ ልሳሳት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ! ጣቶቼ እምቢ አሉ። እንዳልወድቅ ስንት ዓመት የደከምኩበት ነው፤ ብፈልግም አልወድቅም። ደግሞ ሆን ብዬ ስሳሳት ያስታውቃል፤ እኔ ራሴ ሰምቼ አፈርኩ። እሷ ብትሰማው ምን እንደምትል አውቃለሁ። ሁሉንም አጠፋሁት። አንድ ቀን ሙሉ ለውድቀት ተለማምጄ በመጨረሻ ፒያኖው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ትኬትም አየሁ። ልቆርጥ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ ቀኖቹን ስቆጥራቸው ፈተናው ከቅዳሜው ይቀድማል። ተፈትኜ በማግስቱ እሄዳለሁ፣ ፈቃዱ ይቅር፣ ዲፕሎማውን ግን በእጄ ይዣለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ትናንት ተፈተንኩ። ፈታኞቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ አስተማሪዬ ከኋላ ቆሟል። ትናንሾቹን ፖሎኔዞች እንዴት እንደተጫወትኩ አላስታውስም፣ ደኅና ነበሩ መሰለኝ። ትልቁን ጀመርኩ። ስጀምረው እርስዎ የጻፉት መጣብኝ፤ ቅሬው እየተፈራረቀ፣ እኩል እየረገጠ፣ እርስዎ ከፊት፣ አገሩ ከኋላ። እንደዚያ ሆኜ ተጫውቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ፈረስ አለፍኩ። ሁለተኛው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እማዬ በሬውን ስታሳርድ ታየችኝና ግራ እጄ ቆመ። በቃ ቆመ። የማደርገውን ሳላውቅ፣ ልክ እንደ ልጅነቴ፣ ክዳኑን በመዳፌ ጧ አደረግሁት። ፈታኞቹ ፊት! «ወይኔ!» አልኩ፣ በአማርኛ። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁ።

ወድቄአለሁ። በጥቅምት እንደገና መቅረብ ትችያለሽ አሉኝ። አስተማሪዬ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «ዛሬ ስትራመጂ ሰማሁ» አለኝ። በዚህ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ከጥቅምት በፊት ደግሞ መውጣት አልችልም፤ ከወጣሁ ፈተናውም ቀረ። ስለዚህ በክረምት አልመጣም። ቃሌን በላሁ።

አዳራሹ ሁሉንም ይቀርጻል። ቅጂውን ለምኜ ወስጄ ለየአብስራ ልኬአለሁ። መጨረሻው ላይ ለእማዬ የተናገርኩት አለ፤ ተቆጥቻታለሁ፣ እንዳዘዙኝ። ከዚህ ሌላ የማደርገው የለኝም፣ የኔታ። ይህም ካልሆነ ትታው ትመንኩስ፤ እኔም ሞቼ ልቅር።

ፀደይ


ገነተ ማርያም፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ። የማኅፀኗን ፍሬ ለእናቲቱ የመለሰ አምላክ ስሙ ይመስገን። አረፍ ብለሽ አንብቢው።

የአብስራ ቅጂውን ይዞ ሐሙስ ደረሰ። ድምፅ ማጉያ ከሆቴል ተውሶ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አትቀየሚው። እስከ ጋሸና በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግር አድርገን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍላቂት ገባን። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ካህናቱ ተቀምጠዋል። በሬው ግንዱ ላይ ታስሮ ሣር ይበላል፤ ባለ ቢላዋው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይስላል። እናትሽ ከውስጥ ከሴቶቹ ጋር ናት።

«ከመታረዱ በፊት አንድ ነገር አሰማለሁ» አልኩ።

አንዱ ቄስ ተቆጡ። «መሪጌታ፣ በተዝካር ላይ ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም፣ አባቴ። መራመድ ነው» አልኩና የአብስራን «ክፈተው» አልኩት።

እኔ ሙዚቃሽን ከአሁን በፊት ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጩኸት ነበር የሚመስለኝ። ቅዳሜ ግን ሰማሁ። ከመገንጠያው እስከ ቤቴ የተሸከምነውን ያህል ከበደኝ። ደባሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ባለፈውም ይኸንኑ ነው ያሰማኸን» ይለኛል። ፈረሱ መጣ፣ አለፈ። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ልቤ ተሰበረ። ሁለተኛው ፈረስ መጣ፤ ጋለበ፣ ጋለበ፣ ቀጥ አለ። ጧ!

«ወደቀች!» የሚል ጩኸት ከቤት ውስጥ ወጣ። «ወደቀች! ተነሽ፣ እንደገና!»

የተላጨው ራሷ ላይ ነጠላ እንኳ ሳታደርግ እናትሽ እየሮጠች ወጣች። ድምፅ ማጉያውን አቀፈችው። «ወይኔ» ያልሽውን ሰምታ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሣጥኑን ትስማለች። ሴቶቹ አበደች ብለው ሊይዟት መጡ። ደባሱ «እህቴ፣ የድሮ ቅጂ ቢሆንስ? ልጅ ሆና የወደቀችው ቢሆንስ?» አላት።

«አንት ሞኝ!» አለችው። «ልጅ ሆና መጀመሪያው ላይ ነው የምትወድቅ። ሁለተኛው ፈረስ ላይ ደርሳ ታውቃለች? ዛሬ ከበሩ ላይ ነው የወደቀች። አድጋለች! የሞተ ሰው ያድጋል?»

ከዚያ በኋላ ቁጣሽ መጣ። «እማዬ፣ ያንን ጥቁር አውልቂ፣ በሬውን ፍቺ» ስትይ ባለ ቢላዋው ራሱ ተነሥቶ ገመዱን ፈታው። አንቺ ስትቆጪ ድምፅሽ ቁርጥ የሷን ነው። ጠላው ምን ይሁን ተባለ። «ይደፋ እንዴ? ለትንሣኤዋ ይጠጣ» አሉ እኒያው የተቆጡኝ ቄስ፤ የመጀመሪያውንም ዋንጫ እሳቸው አነሡ። ለገዳሙ አባትም መልእክተኛ ሄደ፤ ቆቡ ቀርቷል።

እናትሽ እኔ ዘንድ መጥታ ሰንብታለች። ፒያኖውን ከፈተችው፤ መጥረጊያ ይዛ አቧራውን አወጣች፣ ከውስጡ እንቁላልም አገኘች። ይህን ለወለተ ሩፋኤል ተዪው፣ አትቆጪ። ጥቂት ጥርሶቹ ድምፅ አይሰጡም፤ ስትመጪ ታያቸዋለሽ።

እንግዲህ የመጨረሻውን ላድርስ። በፈተናው መውደቅሽንና እስከ ጥቅምት አለመምጣትሽን ስነግራት ልቧ ይሰበራል ብዬ ጊዜ ሳመቻች ዋልኩ። ያው ልማዴ ነው። በመጨረሻ ወለተ ሩፋኤል ፊት ነገርኳት። የተላጨ ራሷን እያሻሸች «ጥቅምት ለምን ተባለ?» አለችኝ። ያኔ ደግማ ትፈተናለች አልኳት።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?» አለች። «ጻፍላት፣ የኔታ። ‹ወደቅሽ፣ ሰማሁሽ። ተነሽ፣ እንደገና› ብለህ ጻፍላት።»

ጻፍኩልሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል